የሂትለር ጠላቶች የሚጠሩበት ተራራ

በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ግዛት፣ በታኦስ የስኪ መንሸራተቻ ግርጌ፣ እንግዳን የሚያጽናና ማስታወቂያ ቆሟል። «አትደንግጡ» ይልና፣ ፊት ለፊት የተደቀነው ቁልቁለት የቦታው አንድ ሠላሳኛ ብቻ መሆኑን፣ ለጀማሪም የሚሆን መውረጃ መኖሩን ይነግራል። ቦታው ግን ስሙን ያተረፈው በገደሎቹ ነው።

መሥራቹ ኧርኒ ብሌክ እ.ኤ.አ. በ1913 ፍራንክፈርት ውስጥ ከአይሁድ ቤተሰብ ሲወለድ ኧርንስት ብሎህ ይባል ነበር። ስዊዘርላንድ አድጎ በ1938 ወደ አሜሪካ ተሰደደ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካን ጦር መለዮ ለብሶ፣ የጀርመን ምርኮኞችን በገዛ ቋንቋቸው መረመረ። ብሌክ የተባለውም ያኔ ነው። ከጦርነቱ በኋላ በትንሽ ሴስና አውሮፕላን ተራራ ለተራራ እየበረረ በረዶ የሞላበት ሸለቆ ሲያስስ ዓይኑ ታኦስ ላይ አረፈ፤ በ1955ም ሥራውን ጀመረ።

ብሌክ ለመውረጃዎቹ ስም ሲያወጣ ሂትለርን ለመግደል ያሤሩትን የጀርመን መኮንኖች አልረሳም። ኮሎኔል ሽታውፈንበርግ ሐምሌ 20 ቀን 1944 ፈንጂ የያዘ ቦርሳ ከሂትለር ጠረጴዛ ሥር አስቀምጦ የወጣው ነው፤ ሂትለር ተረፈ፣ እሱ በዚያው ሌሊት ተረሸነ። ጄኔራል ኦስተር በሚያዝያ 1945 ተሰቀለ። ፋቢያን ፎን ሽላብሬንዶርፍ ደግሞ በ1943 የመጠጥ ጠርሙስ አስመስሎ የጠቀለለውን ፈንጂ ሂትለር በሚሳፈርበት አውሮፕላን አስጫነ። ፈንጂው ሳይፈነዳ ሲቀር፣ በማግስቱ ራሱ ሄዶ ጥቅሉን መልሶ ወሰደ። እሱ ተርፎ በኋላ የጀርመን ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ዳኛ ሆኗል።

ሦስቱም ስሞች የሚገኙት በምዕራቡ ሸንተረር ነው። የወንበር ማንሻው ወደ አፋፉ አያደርስም። ስኪውን ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ አየሩ በሳሳበት ከፍታ እያለከለከ በእግሩ የወጣ ሰው፣ በዐለት መካከል የተሰነጠቀ ጠባብ ቁልቁለት አፋፍ ላይ ይቆማል። ከዚያ ወዲያ የተደለደለ በረዶ፣ የተለሰነ መንገድ የለም፤ የመጀመሪያውን መታጠፊያ የሳተ ሰው ቶሎ መቆም አይሆንለትም።

ብሌክ በ1989 ዐረፈ። ለእነዚያ መኮንኖች ሐውልት አላቆመላቸውም፤ የሰጣቸው፣ ማንም ሳያስገድደው ወጥቶ፣ ፍርሃቱን ዋጥ አድርጎ ለሚገባ ሰው ብቻ የሚሆን ቦታ ነው።