ከተዘጋው ሰማይ 300 ሜትር በላይ

ሐምሌ 10 ቀን 2006 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 17 ቀን 2014) ከአምስተርዳም ወደ ኩዋላ ላምፑር የተነሳው የማሌዥያ አየር መንገድ ቦይንግ 777 (በረራ ኤምኤች 17) ምሥራቅ ዩክሬን ሲደርስ 33 ሺህ ጫማ ከፍታ ላይ ነበር። ከሦስት ቀን በፊት የዩክሬን ባለሥልጣናት በዚያ አካባቢ ከ32 ሺህ ጫማ በታች ያለውን ሰማይ ለሲቪል በረራ ዘግተዋል። አውሮፕላኑ ከተዘጋው ሰማይ በላይ የነበረው በአንድ ሺህ ጫማ፣ ማለትም በ300 ሜትር ገደማ ነው። ሕግ አልጣሰም፤ ከተፈቀደለት መስመርም አልወጣም። የበረራ ተቆጣጣሪዎቹ ያዩታል፣ ያነጋግሩታል። ፊት ለፊቱ ነጎድጓዳማ ደመና ስላለ ጥቂት ወደ ግራ እንዲል አብራሪዎቹ ጠይቀው ተፈቅዶላቸዋል።

በአካባቢው አቆጣጠር ከቀትር በኋላ 10 ሰዓት ከ20 ላይ አንድ ሚሳኤል ከአብራሪዎቹ ክፍል በስተግራ ከፍ ብሎ ፈነዳ። የአውሮፕላኑ ፊት ተገንጥሎ ወደቀ፤ የቀረው አካል ጥቂት በርሮ ተበታተነ። ስብርባሪው ግራቦቮ በተባለች መንደር ዙሪያ በስንዴና በሱፍ ማሳዎች ላይ ዘነበ። ከ298ቱ ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች አንድም አልተረፈም። 80ዎቹ ሕፃናትና ልጆች ነበሩ። ሜልቦርን ላይ ሊካሄድ ወደነበረው ዓለም አቀፍ የኤድስ ጉባኤ የሚጓዙ ሰዎችም ነበሩበት፤ ከነሱ አንዱ የኤች አይ ቪ መድኃኒት ለድሃ አገሮች እንዲዳረስ ዕድሜውን የሰጠው ሆላንዳዊው ሐኪም ዩፕ ላንገ ነው።

ማን እንደተኮሰ ብዙ ተብሏል። ሄግ ያለው የሆላንድ ፍርድ ቤት ኅዳር 8 ቀን 2015 ዓ.ም. ሁለት ሩሲያውያንንና አንድ ዩክሬናዊ በሌሉበት ጥፋተኛ ብሎ ዕድሜ ልክ ፈርዶባቸዋል፤ ሚሳኤሉ በተገንጣይ ኃይሎች ይዞታ ሥር ከነበረ መስክ የተተኮሰ፣ ቡክ የተባለ ዓይነት መሆኑንም አረጋግጧል። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት (ኢካኦ) ምክር ቤትም በ2017 ዓ.ም. ሩሲያ ግዴታዋን አልተወጣችም ሲል ወስኗል። ሩሲያ ሁሉንም ትክዳለች። እኔ ግን ከዚያ ቀድሞ መነሳት የነበረበት ሌላ ጥያቄ ይከነክነኛል፤ ያ ሰማይ ለምን ክፍት ነበር?

በዚያው ሐምሌ 7 ቀን የዩክሬን ጦር አንቶኖቭ 26 ማጓጓዣ አውሮፕላን በ6 ሺህ 500 ሜትር ከፍታ ላይ እያለ ተመትቶ ወድቋል፤ ከፍታውን የተናገሩት ራሳቸው የዩክሬን ባለሥልጣናት ናቸው። ከትከሻ ላይ የሚተኮስ ሚሳኤል በተለመደው አቅሙ እዚያ አይደርስም። እዚያ የደረሰ መሣሪያ ከባድ ነው፤ ከባዱ ደግሞ 10 ሺህ ሜትር ላይ የሚያቆመው ነገር የለም። ቡክ 20 ሺህ ሜትርን ያልፋል። በ32 ሺህ ጫማ ላይ የተሰመረው መስመር በካርታ ላይ እንጂ በሚሳኤሉ ፊት ትርጉም አልነበረውም።

የሆላንድ የደኅንነት ቦርድ በ2008 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ ዩክሬን ሰማይዋን ሙሉ በሙሉ ለመዝጋት በቂ ምክንያት ነበራት አለ። በዕለቱ ብቻ ሰማዩ እስኪዘጋ ድረስ 160 የመንገደኛ አውሮፕላኖች በዚያ አልፈዋል። አደጋው በደረሰበት ሰዓት እንኳ ሌሎች ሦስት በአቅራቢያው ይበሩ ነበር። አየር መንገዶቹ ባለቤቱ አገር ካልዘጋው አስተማማኝ ነው ብለው አመኑ። የየአገሮቻቸው መንግሥታት መስመር መምረጥ የአየር መንገዶቹ ጉዳይ ነው አሉ። ኢካኦ ደግሞ የማንንም ሰማይ የመዝጋት ሥልጣን የለውም። ሁሉም ዓይኑን ከጎኑ ባለው ላይ ጥሎ ነበር።

የዚህ ሥር ያለው በ1937 ዓ.ም. ቺካጎ ላይ በተፈረመው ስምምነት ውስጥ ነው። ኢትዮጵያም በጉባኤው ተገኝታለች። ስምምነቱ እያንዳንዱ አገር በግዛቱ ላይ ላለው ሰማይ ሙሉና ብቸኛ ባለቤት ነው ይላል፤ መዝጋትም መክፈትም የሱ ነው። በሰላም ጊዜ ይህ ትክክል ነው። በጦርነት ጊዜ ግን ፍርዱን የምንሰጠው ለተዋጊው ነው። ሰማዩን የዘጋ መንግሥት ግዛቴን አልቆጣጠርም ብሎ እንዳመነ ይቆጠርበታል፤ በላዩ ከሚያልፉ አውሮፕላኖች የሚሰበስበው ክፍያም ይቀርበታል።

ሕጉ የተሻሻለው በደም ነው። ነሐሴ 26 ቀን 1975 ዓ.ም. የሶቪየት ተዋጊ ጄት መስመሩን የሳተውን የኮሪያ አየር መንገድ አውሮፕላን መትቶ 269 ሰው ከሞተ በኋላ፣ በበረራ ላይ ባለ የሲቪል አውሮፕላን ላይ መሣሪያ መጠቀምን የሚከለክል አንቀጽ በቀጣዩ ዓመት ጸደቀ። ግን አንቀጹ የሚናገረው ለተኳሹ ነው፤ ተኳሹ ደግሞ ብዙ ጊዜ በሲቪል አውሮፕላን ላይ የሚተኩስ አይመስለውም። ሰኔ 26 ቀን 1980 ዓ.ም. ቪንሰንስ የተባለችው የአሜሪካ የጦር መርከብ በባሕረ ሰላጤው ከኢራን ጀልባዎች ጋር ተኩስ ላይ ሳለች፣ ከባንዳር አባስ ወደ ዱባይ የተነሳ የኢራን ኤርባስ በመደበኛ መስመሩ ከፍታ እየጨመረ መጣ። መርከበኞቹ የሚያጠቃቸው ኤፍ 14 ተዋጊ ጄት መሰላቸው። ከማስጠንቀቂያ ጥሪዎቻቸው ብዙዎቹን ያስተላለፉት የመንገደኛ አውሮፕላን በማይሰማው የወታደር ሞገድ ነበር። 290 ሰዎች አለቁ።

ቴህራን ላይም የሆነው ይኸው ነው። ታኅሣሥ 29 ቀን 2012 ዓ.ም. ሌሊት ኢራን ኢራቅ ውስጥ ባሉ የአሜሪካ ሰፈሮች ላይ ሚሳኤል ተኮሰች፤ አጸፋ እየጠበቀች ግን አውሮፕላን ማረፊያዋን አልዘጋችም። ንጋት ላይ የተነሳውን የዩክሬን ቦይንግ 737 የራሷ አየር መከላከያ በሁለት ሚሳኤል መታው፤ 176 ሰዎች ሞቱ። ኢራን ያመነችው ከሦስት ቀን በኋላ ነው።

በዚያው ዓመት ሚያዝያ 26 ቀን ደግሞ ነገሩ ወደኛው መጣ። ለኮሮና መከላከል የሚሆን ቁሳቁስ የጫነ የአፍሪካን ኤክስፕረስ አነስተኛ አውሮፕላን ሶማሊያ ውስጥ በርዳሌ ላይ ሊያርፍ ሲል ተመትቶ ወደቀ፤ የተሳፈሩት ስድስቱም ሞቱ። የተኮሱት ከአፍሪካ ኅብረት ተልዕኮ ውጭ እዚያ የነበሩ የኢትዮጵያ ወታደሮች መሆናቸውን ሠራዊቱ ለኅብረቱ በጻፈው ደብዳቤ አምኗል። ስለ በረራው አልተነገረንም፣ ዝቅ ብሎ ሲመጣ የአጥፍቶ ጠፊ መሰለን የሚል ነበር ምክንያቱ። ቪንሰንስ ላይ የነበሩት መርከበኞችም፣ ቴህራን ላይ የነበሩት ተኳሾችም የተናገሩት ከዚህ የራቀ አይደለም። የሚፈራ ወታደር ራዳሩ ላይ ወይም ሰማዩ ላይ የሚያየው የሚፈራውን ነው። ስለዚህ አውሮፕላኑን ማዳን የሚቻለው ተኳሹ ጋ ከመድረሱ በፊት ብቻ ነው።

ይህን የምለው ከአዲስ አበባ ወደ ቤይሩት፣ ወደ ሪያድና ወደ ቴል አቪቭ የሚሄዱትን እያሰብኩ ነው። ለሥራ የምትሄድ እህታችን ትኬቷ መነሻዋንና መድረሻዋን ይነግራታል፤ በመካከል በማን ጦርነት ላይ እንደምታልፍ አይነግራትም። የሆላንዱ ቦርድ አየር መንገዶች በግጭት ቀጣና ላይ የመረጧቸውን መስመሮች ለሕዝብ በይፋ እንዲያሳውቁ ጠይቆ ነበር። ይህ መንገደኛው በልመና የሚያገኘው ሳይሆን ነፍሱን ላስረከበበት የሚገባው መብቱ ነው።

ከኤምኤች 17 ከአሥር ዓመት በኋላ፣ ታኅሣሥ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ የአዘርባጃን አየር መንገድ ኤምብራየር 190 ከባኩ ወደ ግሮዝኒ 67 ሰው ይዞ በረረ። ያን ጠዋት የሩሲያ አየር መከላከያ የዩክሬን ድሮኖችን ይከላከል ነበር። አውሮፕላኑ በጭጋግ ለማረፍ እየሞከረ ሳለ ተመታ፤ መሪው የማይታዘዛቸው አብራሪዎች ካስፒያን ባሕርን አሻግረው ካዛኪስታን አክታው አጠገብ አደረሱት። 38 ሰዎች ሞቱ፤ 29ኙ የተረፉት በአብራሪዎቹ ትጋት ነው፣ ሁለቱ አብራሪዎች ግን አልተረፉም። የሩሲያው ፕሬዚዳንት ቭላድሚር ፑቲን በመስከረም 2018 ዓ.ም. ሁለት የሩሲያ ሚሳኤሎች ከአውሮፕላኑ ጥቂት ሜትሮች ርቀው መፈንዳታቸውን አመኑ። ግሮዝኒም ያን ጠዋት፣ እንደ ምሥራቅ ዩክሬንና እንደ ቴህራን ሁሉ፣ ለመጪ መንገደኛ ክፍት ነበረች።