ዴክ በካራማራ ሲያልፍ

በግንቦት 1980 ዓ.ም. መገባደጃ የሶማሊያ መንግሥት ጦር ሀርጌሳን በአውሮፕላንና በመድፍ መደብደብ ሲጀምር፣ ሕዝቡ ሌሊቱን በእግሩ ወደ ኢትዮጵያ ጎረፈ። ከጅግጅጋ ደቡብ ምሥራቅ ባለው ውሃ አልባ ሜዳ የተከፈተው የሐርቲሼክ መጠለያ ጣቢያ ከ250 ሺህ በላይ ስደተኞችን እስከማስጠለል ደረሰ። በዘመኑ በዓለም ትልቁ የስደተኞች ጣቢያ ተብሎለታል። ከስደተኞቹ መካከል በበርበራና በዓረብ አገሮች ሲነግዱ የኖሩ ብዙ ነበሩና ከድንኳኖቹ ጎን ገበያ ለመቆም ጊዜ አልወሰደበትም።

ይህ ገበያ የኢትዮጵያን ሳሎን ለውጧል።

በዚያን ጊዜ ዕቃው ከዱባይ በመርከብ በርበራ ይራገፋል። ከዚያ በሀርጌሳ አድርጎ በቶጎ ውጫሌ ወይም በሐርቲሼክ በኩል ይገባል፤ ግማሹ በመኪና፣ ግማሹም ኬላውን ዞሮ በሚያልፍ የግመል መንገድ። በተቃራኒው አቅጣጫ የአወዳይ ጫት በፍጥነት ይወርዳል። ጅግጅጋ የደረሰ ቴሌቪዥንና ዴክ (የቪዲዮ ካሴት ማጫወቻ) የካራማራን ተራራ አቋርጦ ወደ ሐረር፣ ብሎም «ታይዋን» ወደሚባለው የድሬዳዋ ገበያ ያመራል። ቀረጥ ያልተከፈለበት ዕቃ ዋጋው ስለሚረክስ፣ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ዴክ ያማረው ሰው ወደ ምሥራቅ ማማተሩ የተለመደ ነበር። ጉምሩክ ይወርሳል፣ ነጋዴው ይከስራል፤ በሳምንቱ ሌላ ጭነት ይነሣል።

ዴኩ በየቤቱ ከመግባቱ በፊት ግን ሕዝቡን ከእሱ ጋር ያስተዋወቀው ቪዲዮ ቤት ነው። በቆርቆሮ ክፍል ውስጥ አግዳሚ ወንበር ይደረደራል፣ መስኮቱ በጨርቅ ይጋረዳል፣ ቴሌቪዥኑ ሁሉም እንዲያየው ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ካሴቱ ከቅጂ የተቀዳ ቅጂ ነውና ቀለሙ ደብዝዞ፣ ፊቶች እርስ በርስ ተቀላቅለው፣ ከስክሪኑ ግርጌ ነጭ መስመር ይርገበገባል። የሶማሊኛ ተናጋሪው ተመልካች ይበልጥ የወደደው የሕንድ ፊልም ነበር፤ በኋላም አንድ ተራኪ የአባትን፣ የሙሽራን፣ የወንበዴን ንግግር ሁሉ በሶማሊኛ የሚተርክባቸው ቅጂዎች ተስፋፉ።

ዴክ ለተመልካቹ የሰጠው ትልቁ ሥልጣን ወደ ኋላ መመለስ ነው። ያለፈ ዘመንን መቼት አድርጎ ስለ ግድያ ለሚተርክ፣ ምሥጢሩን ቀስ እያለ ለሚገልጥ ፊልም ይህ ሥልጣን ወሳኝ ነው። በእኛ አገር ለዚህ የሚቀርበው የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ነው። በጀርመን ሕክምና የተማረው አንበርብር አንድ እግሩን አጥቶ፣ ትዝታው ተሰባብሮ ወደ ትውልድ መንደሩ ይመለሳል። ጓደኛው ተስፋዬ በደርግ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ እንዴት እንደተገደለ፣ እሱም እግሩን የት እንዳጣ ተመልካቹ የሚደርስበት ከተበታተነው ትዝታ እየለቀመ ነው። መጀመሪያ ላይ ብልጭ ብሎ ያለፈ ምስል ትርጉሙ የሚገባው ከብዙ ቆይታ በኋላ በመሆኑ፣ ፊልሙ ደግሞ መታየት ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰት ሽልማትን፣ በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉው የፊልም ፌስቲቫል ፌስፓኮ የየኔንጋን የወርቅ ፈረስ አሸንፏል።

ኃይሌ ለቤት ተመልካች የሚደርስበትን መንገድም ራሱ ነው የጠረገው። አከፋፋዮች «ሳንኮፋ» የተባለውን ፊልሙን አንወስድም ሲሉት ሲኒማ ቤት እየተከራየ አሳየ። ከዚያም በዋሽንግተን፣ ያስተምርበት ከነበረው ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት፣ በፊልሙ ስም የቪዲዮና የመጻሕፍት መደብር ከፈተ። የፊልሞቹ ቅጂ ከሠሪው እጅ በቀጥታ ለገዢው የሚሸጥበት ቤት ነው።

በምሥራቁ መንገድ የመጣው ቅጂ ግን ለሠሪው ሳንቲም አላስገኘም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው፤ በዚያው ዓመት ሐርቲሼክ ስደተኞቹን ሸኝቶ ተዘጋ። ያኔ ካሴቱ ቦታውን ለሲዲ እየለቀቀ፣ ለመቅዳትም ሁለት ዴክ ማገናኘት እየቀረ ነበር። ያም ሆኖ ሲኒማ ቤት ላልነበራቸው ከተሞች ፊልምን ያደረሰላቸው ይኸው ንግድ ነው፤ ውለታው ሊካድ አይገባም።

እ.ኤ.አ. በ2021 የፌስፓኮን የወርቅ ፈረስ የወሰደው በሶማሊኛ የተሠራው የካዳር አይደሩስ አሕመድ «የመቃብር ቆፋሪው ሚስት» ነው፤ የተቀረጸውም በጅቡቲ ነው። ይህንኑ አንድ ሽልማት ያገኙትን የአማርኛና የሶማሊኛ ፊልሞች ጎን ለጎን ለማየት ከጅግጅጋ የተሻለ ከተማ የለም፤ ሁለቱም ቋንቋዎች በአንድ ገበያ ይነገራሉና። ዩኒቨርሲቲም አላት። «ጤዛ» የሶማሊኛ የግርጌ ጽሑፍ፣ የካዳር ፊልም የአማርኛ ተጨምሮባቸው እዚያ በሕጋዊ ቅጂ ቢቀርቡ፣ በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ያደገው ትውልድ ከነልጆቹ አዳራሹን ይሞላዋል።