ጆርዳን በዋሽንግተን፦ ዕድሜ ከኮከብ ላይ መጀመሪያ የሚወስደው ምንድን ነው?



ሰሞኑን ማታ ከካፒታል ዋን አሬና ጨዋታ አይተው የወጡ አባትና ልጅ ጭኜ ነበር። አባትየው «ጆርዳን እዚህ አዳራሽ ውስጥ በ40 ዓመቱ 43 ነጥብ አግብቷል» ይለዋል። ልጁ ስልኩን ነካ ነካ አደረገና «ታዲያ በዚያ ዓመት ለምን ፕሌይኦፍ አልገቡም?» አለው። አባትየው ዝም። እኔም ዝም ብዬ ነዳሁ፣ ጥያቄው ግን እስከ ቤቴ ተከተለኝ። ዛሬ ልመልሰው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው።)

ማይክል ጆርዳን ከቺካጎ ጋር 6 ዋንጫ አንስቶ በጃንዋሪ 1999 ለሁለተኛ ጊዜ ተሰናበተ። ከአንድ ዓመት በኋላ እዚህ ዋሽንግተን የዊዛርድስ ቡድን ኃላፊ ሆኖ መጣ። በ2000-01 ቡድኑ 19 አሸንፎ 63 ተሸነፈ። ሰውየው ከላይ ቁጭ ብሎ ማየት አልሆነለትም፤ በሴፕቴምበር 2001፣ በ38 ዓመቱ፣ ማሊያ ልለብስ ነው አለ። ያኔ እኔ አምስት ኪሎ የኢንጂነሪንግ ተማሪ ነበርኩ፤ ጆርዳንን የማውቀው ከቲሸርት ላይ ነው።

አሁን ቀኖቹን ልብ በሉ። ዲሴምበር 27 ቀን 2001 ከኢንዲያና ጋር 6 ነጥብ ብቻ አገባ። «አለቀለት» ተባለ። ከሁለት ቀን በኋላ 51 አገባ። ደግሞ ከሁለት ቀን በኋላ 45። «ዕድሜ ተሸነፈ!» ተባለ። በፌብሩዋሪ መጨረሻ ጉልበቱን ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። በኤፕሪል መጀመሪያ ከሌከርስ ጋር ገብቶ 2 ነጥብ አገባ፣ የውድድር ዓመቱም ለእሱ እዚያ ላይ አበቃ። ከ82 ጨዋታ 60 ብቻ ተጫወተ።

በድሮ ሙያዬ አንድ ነገር ተምሬያለሁ፦ ብረት አንዴ የሚሸከመው ጭነት ሌላ ነው፣ ሺህ ጊዜ ተመላልሶበት ሳይሰነጠቅ የሚሸከመው ሌላ ነው። የመጀመሪያውን ፈተና ያለፈ ብረት በሁለተኛው ይሰበራል። ስንጥቁም ከውጭ አይታይም። 51 ነጥብ የመጀመሪያው ፈተና ነው። 82 ጨዋታ ሁለተኛው ነው።

«በቀጣዩ ዓመት 82ቱንም ተጫውቶ የለ እንዴ?» የምትሉ አላችሁ። እውነት ነው፣ በ40 ዓመቱ! በአማካይ 20 ነጥብም አግብቷል። እስቲ ነጥቡን ተዉትና ሌላ ቁጥር እንይ። በ1986-87፣ ወጣት ሳለ፣ 82 ጨዋታ ተጫውቶ 972 የቅጣት ውርወራ አግኝቷል። በ2002-03 በዚያው 82 ጨዋታ ያገኘው 324 ነው። ልክ አንድ ሦስተኛ!

ይህ ለምን ይጠቅማል? የቅጣት ውርወራ በብዛት የሚገኘው ተጫዋቹ ወደ ቅርጫቱ ሰብሮ ሲገባ፣ ተከላካዩም ከመምታት በቀር መላ ሲያጣ ነው። ወጣቱ ጆርዳን ሲገባ ሁለት ሦስት ሰው ይጎትታል፤ ጓደኛው ብቻውን ይቀራል፤ የተቃራኒው ቡድን ፋውል ይሞላበታል። የ40 ዓመቱ ጆርዳን ግን ጀርባውን ሰጥቶ፣ ዞሮ፣ ወደ ኋላ ዘሎ ይወረውራል። ቆንጆ ነው፤ ሲገባም ሁለት ነጥብ ነው። ለሌሎቹ የሚከፍተው በር ግን ጠቧል። ዕድሜ መጀመሪያ የሚወስደው ይህንን ነው፣ ጋዜጣ ላይ የማይጻፈውን። ነጥቡን መጨረሻ ላይ ይወስዳል። ለዚህ ነው የምንታለለው።

ፍርድ እንዳናዛባ፦ ጆርዳን ዋጋ ነበረው። 19 ያሸነፈ ቡድን በሁለቱም ዓመታት 37፣ 37 አሸነፈ። አዳራሹም ሞላ። ግን ሁለቱንም ጊዜ ፕሌይኦፍ ቀረ። በሁለተኛው ዓመት መጀመሪያ ላይ ጆርዳን ራሱ ከተጠባባቂ ወንበር እየተነሣ ሊገባ ተስማምቶ ነበር። ትክክለኛው ሐሳብ ይህ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ግን ወደ ቋሚነት ተመለሰ፣ በአማካይም በየጨዋታው 37 ደቂቃ ተጫወተ።

አሁን ቲም ደንካንን እዩ። በ2014 ከሳን አንቶኒዮ ጋር ዋንጫ ሲያነሳ 38 ዓመቱ ነው። በመደበኛው ውድድር በአማካይ 29 ደቂቃ ተጫውቶ 15 ነጥብ አገባ፤ ቡድኑ 62 አሸነፈ። ከዚያ ቡድን በአማካይ 30 ደቂቃ የሞላ አንድም ተጫዋች አልነበረም። አሰልጣኙ ፖፖቪች ሽማግሌዎቹን ከማሚ ጨዋታ በፊት ወደ ቤት ልኮ ሊጉ በ2012 ቡድኑን 250,000 ዶላር ቀጥቶታል። በእርግጥ ደንካን ድሮም በዝላይ የሚኖር ሰው አልነበረም፤ ከጎኑም ፓርከር፣ ጂኖቢሊና ወጣቱ ሌናርድ ነበሩ። ጆርዳን ያን አላገኘም። ቢሆንም ደንካን ጭነቱን ሳይገደድ በፊት ቀንሷል። የእኛው ኃይሌም ከትራክ ወደ ማራቶን ተሻግሮ አይደል በ2008 በርሊን ላይ በ35 ዓመቱ የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረው?

እኔም ባለፈው ክረምት «እንደ ድሮዬ ነኝ» ብዬ ሁለት ቀን በተከታታይ 14፣ 14 ሰዓት ነዳሁ። ገንዘቡ ጥሩ ነበር። በሦስተኛው ቀን ከመኪናው ለመውረድ በሩን ይዤ ቆምኩ፤ ሳምንቱን ተኝቼ ዋልኩ። ሂሳቡን ስሠራው በቀን 9 ሰዓት ብነዳ ይበልጥ ነበር። ኢንጂነር ነኝ ባይ ይህንን በወገቡ ተማረው!

ስለዚህ በሃምሳ ዓመታችሁ ሁለት ሥራ የምትሠሩ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ «ትናንት ድርብ ሺፍት ሠርቼ ምንም አልሆንኩም» ስትሉኝ አምናችኋለሁ። ጆርዳንም 51 ባገባ ማግስት ምንም አልሆነም ነበር።

ያ ልጅ ይህንን ባያነብም መልሱ ይኸው። የማትስማሙ ኮሜንት ላይ ጠብቁኝ፤ አሁን ግን ገብቼ ልተኛ ነው። ሰላም እደሩ!