ስለ አንኮበር ከተማ አነሣሥና አወዳደቅ

«ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ አባቶቻችን። የከተማ ታሪክ ሲጻፍ ግን ብዙ ጊዜ ከሥሩ ይልቅ ከጫፉ ይጀመራል። ንጉሡ እዚህ ነገሡ፥ ከዚህ ተነሥተው ወደዚያ ሄዱ ተብሎ የነገሥታቱ ስም ይዘረዘራል፤ ውሃ የቀዳው፥ እንጨት የተሸከመው፥ ጨው የነገደውና ግብር የከፈለው ሰው ግን ሳይጠራ ይቀራል። እኔ በዚህች አጭር ጽሑፍ ስለ አንኮበር ለመጻፍ የተነሣሁት፥ አንዲት ከተማ በምን እንደምትቆምና በምን እንደምትወድቅ ወጣት አንባቢዎች እንዲመረምሩት ብዬ ነው።

አንኮበር ከደብረ ብርሃን በስተ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ የሸዋ ደጋ በድንገት ተቆርጦ ወደ ቆላው በሚወርድበት አፋፍ ላይ ትገኛለች። በአፋፉ ላይ የቆመ ሰው ጉሙ ሲገለጥለት፥ ከእግሩ ሥር የይፋት ኮረብቶችን፥ ከዚያም ወዲያ ወደ አዋሽና ወደ አፋር የሚዘረጋውን ሜዳ ያያል። ስሟንም ሲተረጕሙ «የአንኮ በር» ይላሉ። አንኮ በጥንት ጊዜ በዚያ አገር ትገዛ የነበረች የኦሮሞ እመቤት እንደ ነበረች በአፈ ታሪክ ይነገራል። የአንኮ ነገር በአፈ ታሪክ ቢቀር፥ «በር» የሚለው ቃል ግን የከተማይቱን ጠባይ በትክክል ይናገራል። አንኮበር በር ናት፤ የደጋውን ሰው ከቆላው ሰው፥ ገብሱን ከጨው ታገናኛለች።

የዚህች ከተማ ሥር ያለው በመንዝ ነው። በኋላ ሸዋን የገዛው ቤተ ሰብ አባት ነጋሢ ክርስቶስ በመንዝ በአጋንቻ ተነሡ። ለሹመት ወደ ጎንደር ሄደው በዚያው እንደ ሞቱ ይተረካል። ልጃቸው ሰብስትያኖስ፥ ሕዝቡ ሰብስቴ የሚላቸው፥ መቀመጫቸውን በዶቃቂት አደረጉ። ከእርሳቸው በኋላ የተነሡት አቢየ ደግሞ ወደ ሐራምባ ወረዱ። ቀጥለው የገዙት አምኃ ኢየሱስ ናቸው አንኮበርን የቈረቈሩት። ዘመናቸውም እስከ 1767 ዓ.ም. ገደማ ነበረ። አንባቢ ሆይ፥ ይህን መንገድ ልብ ብለህ ተመልከተው፤ ከአጋንቻ ወደ ዶቃቂት፥ ከዶቃቂት ወደ ሐራምባ፥ ከሐራምባ ወደ አንኮበር ሲወርዱ፥ በየትውልዱ ወደ ንግዱ መንገድ እየቀረቡ ነበር። የመንዝ ደጋ ጀግናና በግ ያበቅላል፤ ጨውና ጠመንጃ ግን ከባሕር ወገን ይመጣሉ። ስለዚህ ገዢዎቹ የበሩን መክፈቻ ለመያዝ ሲሉ ከገደሉ አፋፍ ላይ ተቀመጡ።

የአንኮበር ቤተ መንግሥት በተራራው ጫፍ ሲሆን የአንኮበር ከረጢት ደግሞ በታች ነበር። ከከተማይቱ በታች፥ ቆላው በሚጀምርበት፥ የአልዩ አምባ ገበያ በየዓርቡ ይቆም ነበር። ከታጁራ ወደብ የተነሣ ሲራራ ነጋዴ የአፋርን በረሃ በግመል አቋርጦ ፋሬ ሲደርስ የግመሉ አገር ያልቃል፤ ግመል ያንን አቀበት አይወጣምና ጭነቱ ለበቅሎና ለአህያ ይዛወራል። ከበረሃው አሞሌ ጨው፥ ከባሕር ማዶ ጨርቅ፥ ዶቃና የጦር መሣሪያ ይመጣል፤ ከደጋው እህል፥ ከሩቁም አገር ቡናና የዝሆን ጥርስ ይወርዳል። በገበያው አርጎባው፥ አፋሩ፥ ሐረሪው፥ አማራውና ኦሮሞው ይገናኛሉ። ክርስቲያኑ ንጉሥ በላይ ሆነው ሲገዙ፥ የይፋትን ቆላ የሚያስተዳድሩላቸው ወላስማ የሚባል ማዕርግ ያላቸው እስላም ሹም ነበሩ። ከዚህ እንደምንረዳው፥ አንኮበር ገና ከጥንቱ የብዙ ወገኖች ከተማ ነበረች።

ከተማይቱ እጅግ የገነነችው በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፥ ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. ነው። ከእርሳቸው በፊት ከነበሩት የሸዋ ገዢዎች አንዳንዶቹ መርዕድ አዝማች ይባሉ ነበር፤ እርሳቸው ግን ንጉሥ ተባሉ። በዘመናቸው የአውሮፓ መንግሥታት አንኮበርን መፈለግ ጀመሩ። ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ክራፕፍ መጥቶ ተቀመጠ፤ ካፒቴን ሃሪስ ከእንግሊዝ መንግሥት ተልኮ መድፍና ጠመንጃ በገጸ በረከትነት ይዞ መጣ፤ በኅዳር ወር 1834 ዓ.ም. የንግድ ውል ተፈራረሙ። በ1835 ዓ.ም. ደግሞ ከፈረንሳይ ጋር ሌላ ውል ተደረገ። በሣር ክዳን ቤት ውስጥ ሆነው ከለንደንና ከፓሪስ ጋር እኩል ተነጋገሩ ማለት ነው። ይህ የሚያስመሰግን ነው፤ እኔም ሳነበው ልቤ ይኮራል።

ነገር ግን ታሪክን ለኩራት ብቻ የሚያነብ ሰው ግማሹን ብቻ ያነባል። በአልዩ አምባ አቅራቢያ ዐብዱል ረሱል የሚባል ሌላ ገበያ ነበረ፤ በዚያ የሚሸጠው ሰው ነበር። ከደቡብና ከምዕራብ የተማረኩ ወንዶች፥ ሴቶችና ሕፃናት በዚያ በኩል አልፈው ወደ ባሕር ይወርዱ ነበር፤ ንጉሡም ከዚህ ንግድ ቀረጥ ይቀበሉ ነበር። ወደ ቤተ መንግሥቱ ማገዶ የሚሸከሙት፥ ውሃ ከወንዝ ወደ ተራራው የሚያወጡት፥ ሌሊትና ቀን እህል የሚፈጩት ባሮች ነበሩ። ያ ሁሉ ግብር፥ ያ ሁሉ ጠጅና እንጀራ በእነርሱ ጀርባ የመጣ ነው። ባርነት በአገራችን በሕግ ፈጽሞ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ከሣህለ ሥላሴ ሞት በኋላ መቶ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ማለት ነው። የእነዚያ ሰዎች ስም አልተጻፈም፤ የከተማይቱ መሠረት ግን ከእነርሱ ትከሻ ላይ ነበረ።

የእጅ ሥራ ዐዋቂዎችም ዕጣ ከዚህ የራቀ አልነበረም። በአንኮበር አቅራቢያ በሚገኘው ደን የሚኖሩ ጠይቦች ብረት ይቀጠቅጡ፥ ሸክላ ይሠሩ ነበር። ገበሬው ማረሻውን፥ ወታደሩ ጦሩን፥ ባልቴቷ ድስቷን ከእነርሱ እጅ ታገኛለች፤ ዘወር ሲሉ ግን «ቡዳ» ብለው ይሰድቧቸዋል። ሃሪስ ስለ ውሃ ወፍጮ የጻፈውም ይህንኑ ያስታውሰኛል። ድሜጥሮስ የሚባል አንድ የውጭ አገር ሰው ለንጉሡ በውሃ የሚዞር ወፍጮ ሠራላቸው፤ ካህናቱ ግን የሰይጣን ሥራ ነው ብለው ስላወገዙት ወፍጮው ሥራ ፈትቶ ቀረ። ወፍጮው ሲቆም ማን እንደሚፈጭ አንባቢ ያውቃል። በዚያ ቀን ሴቶቹ ባሮች ወደ ድንጋይ ወፍጯቸው ተመለሱ። አዲስ ነገርን መርምሮ መጣል ብልኅነት ነው፤ ሳይመረምሩ መጣል ግን ሸክሙን በደካማው ላይ መልሶ መጫን ነው።

ከሣህለ ሥላሴ በኋላ ልጃቸው ኃይለ መለኮት ነገሡ። ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ሊያቀኑ በዘመቱ ጊዜ፥ በ1848 ዓ.ም. ንጉሡ በበሽታ ሞቱ፤ ሕፃኑ ልጃቸው ምኒልክም ተማርከው ወደ መቅደላ ተወሰዱ። በሰኔ 1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው ሲመለሱ ሸዋ ተቀበላቸው፤ አንኮበርም እንደገና የንጉሥ ከተማ ሆነች። በ1869 ዓ.ም. የኢጣሊያ የጂኦግራፊ ማኅበር መልእክተኛ አንቲኖሪ በአንኮበር አጠገብ ሌት ማረፊያ የተባለውን ቦታ ከምኒልክ ተቀበለ፤ በዚያም አውሬና ወፍ ሲመረምር ኖሮ በ1874 ዓ.ም. ሞተ።

ዳሩ ግን የከተማይቱ ዕድል መዞር ጀምሮ ነበር። ምኒልክ መቀመጫቸውን ወደ ልቼ፥ ቀጥሎም ወደ እንጦጦ አዛወሩ። 1879 ዓ.ም. ደግሞ ለአንኮበር ከባድ ዓመት ነበረ፤ በዚያ በአንድ ዓመት ውስጥ አዲስ አበባ ተቈረቈረች፥ ሐረርም በምኒልክ እጅ ገባች። ሐረር ከተያዘች በኋላ የባሕሩ ንግድ በዚያ በኩል አደረገ። በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ድሬ ዳዋ ደረሰ፤ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ባቡሩ በአንድ ጕዞ የሚያመጣውን የአፋር ግመሎች በስንት ወር ያመጡታል? አንኮበርን ጠላት አላፈረሳትም፥ ወረርሽኝ አልጨረሳትም፤ መንገዱ ጥሏት ሄደ። በጠላት ወረራ ዘመን፥ ከ1928 ዓ.ም. በኋላ፥ ኢጣሊያኖች ወደ ደሴ የሚሄደውን የመኪና መንገድ ሲሠሩ በደብረ ብርሃንና በጣርማ በር ዋሻ አሳልፈው ወደ ደብረ ሲና አወረዱት። ስለዚህ መንገድ አንኮበርን ሁለተኛ ጊዜ አለፋት። ያ አገር የቀረለት ገደሉ ነበር፤ ገደሉም በራስ አበበ አረጋይ የሚመሩት የሸዋ አርበኞች ከጠላት ጋር ሲዋጉ መጠጊያ ሆነ።

ዛሬ የወረዳው መሥሪያ ቤት ያለው በጎረቤላ ነው። በቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ላይ የቀረው የድንጋይ ግንብ ቍራጭ ነው፤ በቅርብ ዓመታት ደግሞ የጥንቱን አዳራሽ መልክ ተከትሎ የእንግዳ ማረፊያ ተሠርቶበታል። ከንጉሡ ጋር የመጡት መኳንንት ከንጉሡ ጋር ሄዱ። ቅዱስ ሚካኤልን የሚያገለግሉት ካህናት፥ ገብስ የሚዘራው ገበሬ፥ በአልዩ አምባ የሚገበያየው ሰው ግን አልሄዱም። ከተማይቱ ስታንስ እንጂ ስትጠፋ ያላየናት በእነዚህ ምክንያት ነው። በቤተ መንግሥት ድርጎ የኖረ ድርጎው ሲቆም ይነሣል፤ በእጁ ሥራ የኖረ ግን ይቆያል።

የነገሥታቱ ቤት ከተነሣበት ከመንዝ አንድ ምሳሌ ልጨምር። ነገሥታቱ አጋንቻን ትተው ከወረዱ በኋላ በመንዝ ታላቅ ከተማ አልቀረም። ነገር ግን በጌራ ምድር ጓሳ የሚባል ሰፊ የደጋ ሣር አለ። ስለዚህ ሣር አስቦና ጌራ የሚባሉ ሁለት አቅኚ አባቶች ከጥንት ሥርዓት እንደ ሠሩ ይነገራል። ሣሩ ለሦስት ለአምስት ዓመት ይዘጋል፤ በደረቅ ወራት ሲከፈት ለቤት ክዳን፥ ለገመድና ለገሳ ይታጨዳል፤ ሳይፈቀድለት የገባ ይቀጣል። ይህን ሥርዓት ያቆየው የንጉሥ ወታደር አልነበረም፤ ሕዝቡ ራሱ በመረጣቸው አለቆች ነበር። በ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ሲወጣ የአቅኚ አባቶች መብት ቀረ፤ የሣሩም ሕግ ላላ። የአካባቢው ሰዎች ግን እንደገና መክረው ጠባቂ አቆሙ፤ ዛሬ ጓሳ በማኅበረሰብ የሚጠበቅ ቦታ ነው፥ ቀይ ቀበሮውና ጭላዳውም በሣሩ ውስጥ ይኖራሉ። እንግዲህ አስተያየው። የአንኮበር አዳራሽ ፈረሰ፤ የመንዝ ሣር ቆመ። አዳራሹ የአንድ ቤት ነበር፤ ሣሩ የሁሉ ነበር።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ምናልባት አንተም ከትንሽ ከተማ የተወለድህ ትሆናለህ። ትምህርትህን ስትጨርስ ወደ ትልቁ ከተማ መሄድህ አይቀርም፤ እኔም አትሂድ አልልህም፥ የአንኮበርም ታሪክ የሚነግረን ሰው መንገድን ተከትሎ እንደሚሄድ ነው። የምለምንህ ሁለት ነገር ነው። መጀመሪያ፥ ስለ አገርህ ገናናነት ስትናገር ድንጋዩን ማን እንደ ተሸከመ ጠይቅ፤ መልሱ የሚያሳፍር ቢሆን እንኳ አትሸሽገው። ሁለተኛ፥ ለአገርህ አንድ ነገር ለመሥራት ባሰብህ ጊዜ፥ ሹም እስኪሾም፥ መንገድ እስኪመጣ ብቻ አትጠብቅ። ሹሙ ይሻራል፥ መንገዱም ይዞራል። አንድ ጕድጓድ ውሃ፥ አንድ ወፍጮ፥ አንድ ትምህርት ቤት፥ ሕዝቡ የራሴ ብሎ የሚጠብቀው ከሆነ፥ ንጉሥ ቢነሣም አይነሣም።