ፓርኪንሰንና የመዋጥ ችግር፦ ሳል የማያስከትለው ትንታ

የፓርኪንሰን ሕመም ሲነሣ ብዙዎች ቀድሞ የሚታያቸው የሚንቀጠቀጥ እጅ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን እ.ኤ.አ. በ1817 ሕመሙን በጽሑፍ ሲያብራራ ግን የለሃጭ መዝረብረብንና የመዋጥ ችግርንም አብሮ መዝግቧል።

አንድ ጉርሻ ለመዋጥ ከ25 ጥንድ በላይ ጡንቻዎች በቅደም ተከተል ይሠራሉ። ምላስ ምግቡን ወደ ኋላ ይገፋል፤ ማንቁርት ወደ ላይ ይነሣል፤ የአየር ቧንቧ ይዘጋል፤ የምግብ ቧንቧ ይከፈታል። ጉሮሮ ውስጥ የሚከናወነው ሥራ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ይፈጃል። በፓርኪንሰን ሕመም ዶፓሚን የተባለውን ንጥረ ነገር የሚያመነጩ የአንጎል ሕዋሳት ስለሚሞቱ ይህ ቅንጅት ይዛባል። ጡንቻው አልሰለለም፤ የደከመው ከአንጎል የሚደርሰው ትእዛዝ ነው። የጡንቻን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚለካው ኤሌክትሮማዮግራፊም ከአገጭ ሥር ያሉት ጡንቻዎች በሚውጡበት ጊዜ ከጤነኛ ሰው ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ እንደሚሠሩ ያሳያል። ቤተሰብ የሚሳቀቅበት ለሃጭም የሚመጣው ምራቅ ስለበዛ ሳይሆን ታማሚው ቶሎ ቶሎ ስለማይውጥ ነው።

ጤነኛ ሰው ውኃ ወደ አየር ቧንቧው ሲገባበት ትን ይለዋል፤ ያስላል። በፓርኪንሰን ታማሚ ግን የጉሮሮ ስሜት ሊደነዝዝ ስለሚችል ምግብም ሆነ ምራቅ ያለ አንዳች ሳል ወደ ሳንባ ሊወርድ ይችላል። በዚህ ሳቢያ የሚመጣው የሳንባ ምች ታማሚዎችን ለሞት ከሚዳርጉ ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው። ስለዚህ አባታችን ሲበሉ አያስሉም ብሎ መዘናጋት አይገባም። ከማዕድ በኋላ ድምፃቸው ውኃ የቋጠረ ከመሰለ፣ ምግብ ጉንጫቸው ውስጥ ከቀረ፣ ምሳ ከወትሮው እጅግ ከረዘመባቸው፣ ያለ ምክንያት ከከሱ ወይም ትኩሳት ከተመላለሰባቸው ሐኪም ሊያያቸው ይገባል።

በቤት ውስጥ ታማሚው ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ ሳያወራ፣ በትንሽ በትንሹ ይብላ፤ የመጀመሪያውን ሳይውጥ ሁለተኛው አይጨመርለት። ባህላችን የሚወደው ትልቅ ጉርሻ እዚህ ላይ ፍቅር ቢሆንም አደጋ አለው። ቆሎና ደረቅ ዳቦ ያስቸግራሉ፤ ብዙዎችን የሚያስገርመው ደግሞ ውኃ ከአጥሚት ይልቅ ሊከብድ መቻሉ ነው፤ ቀጭን ፈሳሽ ጉሮሮ ሳይዘጋጅ ቀድሞ ይወርዳልና። ፈሳሽን ማወፈር ያስፈልግ እንደሆነ ግን የሚወስነው ባለሙያ ነው። ሲውጡ አንገትን ወደ ኋላ መቀልበስ አይገባም፤ ከበሉም በኋላ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት አለመተኛት ይበጃል።

ሌቮዶፓ የተባለው መድኃኒት የመዋጥን ችግር ሁልጊዜ ባያቃልልም፣ ማዕዱን መድኃኒቱ በሚሠራበት ሰዓት ማድረግ የሚረዳቸው አሉ። ሥጋ፣ እንቁላልና ሽሮን የመሰሉ ፕሮቲን ያላቸው ምግቦች ከክኒኑ ጋር ሲገናኙ ወደ ደም መግባቱን ሊያዘገዩ ስለሚችሉ፣ ብዙ ጊዜ ከምግብ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ እንዲወሰድ ይመከራል። ክኒኑ አልዋጥ ካለ በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ለከባድ አደጋ ያጋልጣል፤ ተፈጭተው መወሰድ የሌለባቸው ዓይነቶችም ስላሉ አስቀድሞ ሐኪምን ወይም የመድኃኒት ባለሙያን መጠየቅ ያስፈልጋል።