የአያት ስም በጎረቤት አፍ፤ የትውልድ ቆጠራ በአዲስ አበባ ዙሪያ



የዘር ሐረጉን ፍለጋ የሚጓዝ ሰው ሲነሣ ብዙዎቻችን የሚታየን ባሕር ወይም ድንበር አቋርጦ የሚመጣ መንገደኛ ነው። በአሜሪካ ተወልደው የአያቶቻቸውን መንደር ለማየት ወደ ሜክሲኮ የሚሻገሩ ሰዎች የዚህ ዓይነት ናቸው። የብዙዎቹ መጠሪያ ስፓንኛ ነው፤ ከስፔን ወረራ በፊት የነበረው ቅርስ ግን በቦታ ስም ላይ ይጠብቃቸዋል። በሜክሲኮ ከተማ የሚገኘው ቻፑልቴፔክ በናዋትል ቋንቋ የፌንጣ ኮረብታ ማለት ነው። ያች አገር ለእኛም እንግዳ አይደለችም፤ ለፋሺስት ኢጣልያ ወረራ ዕውቅና ስለነፈገች አደባባይ ሰይመንላታል። የዛሬው ጥያቄዬ ግን ስለ ቅርብ መንገድ ነው፤ አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ሰው ወደ ሰበታ፣ ወደ ቡራዩና ወደ ሱሉልታ ቢሄድ ስለ ራሱ ምን ያገኛል?

ከተማይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ግርጌ በፍል ውሃው ዙሪያ ስትቆረቆር ስፍራው ባዶ አልነበረም። ፊንፊኔ ይባል ነበር፤ በዙሪያውም የቱለማ ኦሮሞ ጎሳዎች ይኖሩበት ነበር። ጉለሌ፣ የካና ገላን ዛሬ የክፍለ ከተማና የሰፈር መጠሪያ ሆነው ብናውቃቸውም አስቀድሞ የጎሳ ስሞች ናቸው። መሬቱ በቃላድ ሲለካና አዲስ ባለመሬት ሲመጣ፣ ከነባሩ ሕዝብ ከፊሉ ገባር ሆነ፣ ከፊሉ ራቀ፣ ከፊሉም በክርስትና፣ በጋብቻ ወይም በወታደርነት ወደ ከተማው ገባ። ወደ ከተማው ከገቡት ብዙዎቹ የክርስትና ስማቸው መጠሪያቸው ሆነ፤ የልጆቻቸውም አፍ መፍቻ አማርኛ ሆነ። ሰው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ብቻ በሚጻፍበት አገር፣ የቀድሞው ስም ከጥቂት ትውልድ በኋላ ከመዝገብም ከቤትም ይወጣል።

የቦታ ስም ግን ይቆያል። በአምቦ መንገድ ቡራዩ አጠገብ ያለውን የገፈርሳ ግድብ የአዲስ አበባ ሰው በመጠጥ ውሃነቱ ያውቀዋል፤ ገፈርሳ በኦሮምኛ ጎሽ ማለት ነው። በጅማ መንገድ ሰበታ ላይ የሚጠመቀውን ሜታ ቢራም የማያውቅ የለም፤ ሜታ የጎሳ ስም መሆኑን የሚያስታውስ ጠጪ ግን ጥቂት ነው። እነዚህ ስሞች በአካባቢው ማን ይኖር እንደነበረ ይነግሩናል። ማን የማን ልጅ እንደሆነ ለማወቅ ግን ቆጣሪ ሰው ያስፈልጋል።

የእኔም ቤተሰብ በዚህ መንገድ ወደ ከተማ ከገቡት አንዱ ነው። ቅድመ አያቴ በቤታችን በክርስትና ስማቸው ብቻ ይነሡ ነበር፤ የሱሉልታ ሰው ነበሩ ከማለት በቀር ሌላ አልተነገረንም። የጎጃምን መንገድ ይዤ እንጦጦን ተሻግሬ ስጠይቅ፣ ሽማግሌዎቹ በዚያ ስም አላወቋቸውም። ከየትኛው ወንዝ ማዶ እንደመጡና ከማን ቤት እንዳገቡ ስናገር ግን አንደኛው ሽማግሌ በኦሮምኛ መቁጠር ጀመሩ። አምስተኛው ስም ላይ ሲደርሱ ሁለተኛው አቋረጧቸው፤ የተጠራው አባት ሳይሆን አጎት ነው አሉ። ሦስተኛው ምክንያቱን አስረዱ። ቅድመ አያቴ የተገኙት ከዚህ እርማት በኋላ ነው፤ በሌላ ስም፣ በወንድሞቻቸው መካከል።

ለታሪክ ተመራማሪ ከተገኘው ስም ይልቅ እርማቱ ይበልጥበታል። የቃል ትውልድ ቆጠራ የአንድ ሰው ትዝታ ብቻ አይደለም። ጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ድረስ በሚጣራበት፣ መሬትም በትውልድ ክርክር በሚያዝበት ማኅበረሰብ ስሕተት ዋጋ ያስከፍላል፤ ጎረቤትም ይሰማል፣ ይፈርዳል፣ ያርማል። በእርግጥ ያው ጥቅም ሰውን ለማዛባትም ይገፋፋዋል። ስለዚህ ቆጠራው የሚታመነው ተቃራኒ ጥቅም ያላቸው ሰዎች በአንድነት ሲሰሙት ነው።

ከተቆጠሩልኝ ስሞች አንዱ በጉዲፈቻ የገባ ነበር። ቃሉን ከኦሮምኛ ወስደን በቤተሰብ ሕጋችን እንጠቀምበታለን። ቆጣሪዎቹ ይህን ሳይደብቁ፣ ሳያሳንሱም ከሌሎቹ እኩል አስቀመጡት። በሱሉልታ ያገኘሁት ቅርስ የደም ንጽሕና ማስረጃ አይደለም፤ በእናቴ ወገን ያለውን የመንዝ ትውልዴንም አይሽረውም።

ይህ የመተራረም ጉባኤ ዛሬ እየተበተነ ነው። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ የርስትን ክርክር ሲዘጋ አንዱ የመቁጠሪያ ምክንያት ቀረ፤ ገበሬው ግን በመንደሩ ስለቆየ ጎረቤትነቱ አልጠፋም። ኋላ ፋብሪካው፣ የመኖሪያ ሕንፃውና መንገዱ ሲስፋፉ ካሳ ተቀብሎ የተነሣው ገበሬ በየአቅጣጫው ተበተነ። ሦስቱ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተዋቅረዋል፤ ዙሪያውም በፍጥነት እየተለወጠ ነው። ብቻቸውን ወደ ሌላ ሰፈር የተዛወሩ ሽማግሌ ስሞቹን አሁንም ይቆጥሩ ይሆናል፤ አምስተኛው ላይ የሚያቋርጣቸው ግን የለም።

ስለዚህ ለመመረቂያ ጽሑፍ ወደ እነዚህ ከተሞች የምትወጡ ተማሪዎች ሽማግሌዎችን ለየብቻ ቃለ መጠይቅ አድርጋችሁ አትመለሱ። ቀድሞ ጎረቤት የነበሩትን ፈልጋችሁ አንድ ላይ አስቀምጧቸው። የክርስትናውንም የቀድሞውንም ስም ጻፉ፤ ወንዙንና ኮረብታውን በነባር ስማቸው መዝግቡ። ሲከራከሩ መቅረጫችሁን አታጥፉ።