የሰበቃ ኮረንቲ

ትራይቦቮልታይክ ክስተት፦ ከፊል አስተላላፊ ቁስ ከብረት ወይም ከሌላ ከፊል አስተላላፊ ጋር ሲፋተግ ቀጥተኛ ኮረንቲ የሚመነጭበት ክስተት። ለአማርኛው የምናቀርበው ስያሜ «የሰበቃ ኮረንቲ» ነው።

«ትራይቦ» የግሪክ ቃል ሲሆን ከማሸትና ከመፈተግ ጋር የተያያዘ ነው። «ቮልታይክ» የመጣው ደግሞ ባትሪን ከፈለሰፈው ጣሊያናዊ ከአሌሳንድሮ ቮልታ ስም ነው።

ከሰበቃ ኤሌክትሪክ መገኘቱ ጥንትም የታወቀ ነው። የናይለን ሹራብ ሲወልቅ የሚንጣጣው፣ ፀጉር ያበጠረ የፕላስቲክ ማበጠሪያ ቁራጭ ወረቀት የሚያነሣው በዚሁ ምክንያት ነው። የዚህ ስም ግን ትራይቦኤሌክትሪክ ነው። ናይለንና ፕላስቲክ ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፉ፣ ሲታሹ ከአንዱ ወደ ሌላው የተሻገረው የኤሌክትሪክ ሙል እላያቸው ላይ ተጠራቅሞ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ የጆርጂያ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የዦንግ ሊን ዋንግ ቡድን በዚህ ሙል የሚሠራ ጄኔሬተር ይፋ አደረገ። የእንዲህ ያሉ ጄኔሬተሮች ቮልቴጅ ከፍተኛ ነው፤ ኮረንቲያቸው ግን ኢምንት ከመሆኑም በላይ አቅጣጫው ይለዋወጣል። ስለዚህ ባትሪ ለመሙላት ኮረንቲው አስቀድሞ በዳዮድ ወደ አንድ አቅጣጫ መቃናት አለበት።

ሲሊከንን በመሰለ ከፊል አስተላላፊ ላይ ነገሩ ይለያል። ሁለቱ ገጾች ሲንሸራተቱ በመገናኛቸው ላይ አዳዲስ የአቶም ትስስሮች ይፈጠራሉ። ያን ጊዜ የሚለቀቀው ጉልበት ኤሌክትሮኖችን ከቦታቸው ያነሣል፤ በቦታቸውም ቀዳዳ ይቀራል። በመገናኛው ላይ ቀድሞውኑ ያለው የኤሌክትሪክ መስክ ኤሌክትሮኑን ወደ አንድ ጎን፣ ቀዳዳውን ወደ ሌላው ይነዳል። በሶላር ፓነል ውስጥ ብርሃን የሚሠራውን እዚህ ሰበቃ ይሠራዋል ማለት ነው። አቅጣጫውን የሚወስነው መስኩ ስለሆነ፣ ገጾቹ ወዲያና ወዲህ ቢንሸራተቱም ኮረንቲው በአብዛኛው ወደ አንድ ወገን ይፈሳል። እ.ኤ.አ. በ2018 በካናዳ የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እጅግ ቀጭን የብረት ጫፍ በሞሊብዲነም ዳይሰልፋይድ ላይ አንሸራትተው ቀጥተኛ ኮረንቲ ማግኘታቸውን አሳተሙ።

የሰበቃ ኮረንቲ ተስፋ የተጣለበት በማሽን ተሽከርካሪ አካላት ላይ ለሚገጠሙና ጥቂት ኃይል ለሚበቃቸው ሴንሰሮች ነው። ሁለት እንቅፋቶች አሉበት፦ በሲሊከን የሚገኘው ቮልቴጅ ብዙውን ጊዜ ከ1 ቮልት በታች ነው፤ ገጾቹም ሲፋተጉ ያልቃሉ። ለሁለተኛው ተመራማሪዎች ማለስለሻ ፈሳሾችን እየሞከሩ ነው።

አጠቃቀም፦ ሁለቱ ክስተቶች እንዳይምታቱ፣ ለትራይቦኤሌክትሪክ «የሰበቃ ሙል»፣ ለትራይቦቮልታይክ «የሰበቃ ኮረንቲ» እንበል። በፊተኛው የሚጠራቀም ሙል፣ በኋለኛው የሚፈስ ኮረንቲ አለ።